ከደመወዝ ወደ ግል ሥራ፦ በሰሜን ሸዋ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በደብረ ብርሃን የአነስተኛ ነጋዴዎችንና የእጅ ባለሙያዎችን ሒሳብ በመያዝ እተዳደራለሁ። እኔም ከቢሮ ወጥቼ በራሴ የቆምኩ ሰው ነኝ። ወደ እኔ የሚመጡ ሰዎች የግብር ጥያቄያቸው ካለቀ በኋላ ቶሎ አይነሡም። ስለ እንቅልፍ፣ ስለ ትዳር፣ ዘመድ ስለወሰደው ዱቤ፣ እሑድን አርፈው ስለማያውቁበት ዓመት ያወራሉ። እዚህ የሰበሰብኳቸው እነዚያን ጥያቄዎች ነው። መልሶቼ ሁሉ ከአንድ እምነት ይነሣሉ፦ ከቅጥር የወጣ ሰው አሠሪ አላጣም፤ አሠሪው ራሱ ሆነ እንጂ። ብዙዎቻችን ደግሞ ለራሳችን ጨካኝ አሠሪዎች ነን። ሕግ ለሌላው ሠራተኛ እንድናደርግ የሚያስገድደንን ለራሳችን እንነፍገዋለን።

ደመወዜን ከመልቀቄ በፊት ምን ላዘጋጅ?

ከሁሉ አስቀድመው በሰላም ይውጡ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ መልቀቅ ይችላል። ያልወሰዱት የዓመት ፈቃድ ካለ በገንዘብ ተሰልቶ ይከፈልዎታል፤ የሥራ ልምድ ማስረጃም ያለ ክፍያ ሊሰጥዎ ይገባል። «ከእንግዲህ ምን ያደርግልኛል?» ብለው ማስረጃውን ሳይወስዱ የወጡ ሰዎች ከዓመታት በኋላ ለጨረታ ወይም ለብድር ሲጠየቁ ድርጅቱን ፍለጋ ሲንከራተቱ አይቻለሁ።

የጡረታ መለያ ቁጥርዎንም በእጅዎ ይያዙ። በግል ድርጅት ተቀጥረው ሳሉ ከደመወዝዎ 7 በመቶ ከእርስዎ፣ 11 በመቶ ደግሞ ከአሠሪው በየወሩ ለጡረታ ይገባ ነበር። የመጨረሻው ደመወዝ በወጣ ማግስት ይህ 18 በመቶ ይቆማል። መቆሙን ደውሎ የሚነግርዎት የለም። ስለዚህ የግል ሥራው ትርፍ ከቀድሞ ደመወዝዎ ጋር እኩል ሲሆን «ተስተካከልኩ» አይበሉ፤ በእርጅናዎ በኩል ገና ጎድለዋል።

የስድስት ወር ቀለብና የቤት ኪራይ ሳይዙ እንዳይወጡ እመክራለሁ። ይህ ገንዘብ ከማሽኑና ከዕቃው መግዣ የተለየ ነው። ሰው ሁሉ ለመጋዝና ለፍሪጅ ያጠራቅማል፤ የመጀመሪያው ደንበኛ እስኪመጣ ስለሚበላው እንጀራ የሚያስበው ጥቂቱ ነው። የመውጫውን ወርም ይምረጡ። ደንበኛዎ ገበሬ ከሆነ በሰኔ ለቀው ሐምሌና ነሐሴን በባዶ መደብር አይጀምሩ። በጥቅምት ቢወጡ ከፊትዎ የመኸር ገንዘብ ይጠብቅዎታል።

አንዱ ወር ይሞላል፣ ሌላው ባዶ ነው። በዚህ ዓይነት ገቢ እንዴት ይኖራል?

ይህ ጥያቄ ከሁሉም ይበዛል፤ የሰውን እንቅልፍ ከሁሉም በላይ የሚነሣውም እሱ ነው።

መጀመሪያ የአካባቢዎን ዓመት ይወቁ። በሰሜን ሸዋ ገንዘብ በየወረዳው በአንድ ወር አይመጣም። በምንጃር ሸንኮራ ጤፉ ተወቅቶ ገበያ ሲወጣ የከተማው ሰው ሁሉ እጁ ይፍታታል፤ በመስኖ ሽንኩርት የሚያለሙት ደግሞ ሌላ ወቅት አላቸው። በመንዝ፣ በጣርማ በርና በአንኮበር ደጋ የበልግ ገብስ የሚያመርተው ገበሬ ክረምቱ መግቢያ ላይ እህል ይሰበስባል። በቀወትና በኤፍራታና ግድም ቆላ ማሾ የሚሸጥበት ጊዜ የሱቁን ሁሉ ሽያጭ ይለውጣል። የልብስ ሰፊው፣ የብየዳ ቤቱ፣ የፀጉር ቤቱ ገቢ የሚነሣውና የሚወድቀው የገበሬው ኪስ ተከትሎ ነው።

በዚህ ላይ የየሙያው የራሱ ወቅት አለ። ሥጋ ቤት ያለው ሰው 55ቱን የዐቢይ ጾም ቀናት በሩን ዘግቶ ኪራይ ይከፍላል። የሰርግ ልብስ የሚሰፋው በጥርና ከፋሲካ በኋላ ቀንና ሌሊት ይሠራል። የተማሪ ዩኒፎርም የሚሰፋው ነሐሴና መስከረም መግቢያ ላይ እስትንፋስ ያጥረዋል። እነዚህ ሁሉ በቀን መቁጠሪያ ላይ አስቀድመው የተጻፉ ነገሮች ናቸው። በየዓመቱ ሁዳዴ ሲገባ «ዘንድሮ ገበያ ሞተ» ብሎ መደንገጥ አይገባም።

ከዚያ በኋላ ለራስዎ ደመወዝ ይቁረጡ። የሥራው ገቢ በሙሉ ወደ አንድ የባንክ ሒሳብ ወይም ወደ አንድ የቴሌብር ቁጥር ይግባ፤ ቤቱ ደግሞ የሚተዳደርበት ሌላ ሒሳብ ይኑረው። በወር አንድ ቀን፣ ለምሳሌ በ25ኛው ቀን፣ የተወሰነ ገንዘብ ከሥራው ወደ ቤቱ ይዛወር። ከዚያ ቀን ውጭ መሳቢያው አይነካ፤ ለዳቦ፣ ለታክሲ፣ ለልጁ ደብተር እንኳ ቢሆን። አነስተኛ ሥራዎችን የሚጥላቸው ኪሳራ ነው ይባላል፤ እኔ በመዝገብ ላይ የማየው ግን ብዙ ጊዜ ትርፋማ የነበረ ሥራ በየቀኑ ከመሳቢያው በሚወጣ ሃምሳና መቶ ብር ሲያልቅ ነው።

ስንት ይቁረጡ? በሙሉው ወር ልክ አይሁን። የዕቃና የኪራይ ወጪ ከተቀነሰ በኋላ በዓመት 240,000 ብር ይተርፋል እንበል፤ በወር 20,000 ማለት ነው። እኔ ብሆን 14,000 ብር እቆርጣለሁ። በዓመት 168,000 ብር ወደ ቤት ይገባል፤ ቀሪው 72,000 ግብሩን ይከፍላል፣ የተሰበረውን ማሽን ያስጠግናል፣ የቀረውን የጡረታ መዋጮ ይተካል። በጥርም በነሐሴም ወደ ቤት የሚገባው ያው 14,000 ነው። ባለቤትዎ ከዚህ በኋላ «ዛሬ ስንት ተሸጠ?» ብላ አትጠይቅም፤ ቤቱ የሚሰነብተው በደመወዙ እንጂ በዕለቱ ሽያጭ ስላልሆነ።

አንድ ነገር ልብ ይበሉ፦ የግለሰብ ነጋዴ ለራሱ የሚቆርጠው ደመወዝ በግብር ስሌት ላይ እንደ ወጪ አይያዝለትም። ለራስዎ ሥርዓት እንጂ ለገቢዎች ጽሕፈት ቤት የሚያቀርቡት ነገር አይደለም።

እቁብ ልግባ ወይስ ባንክ ላስቀምጥ?

ሁለቱንም፣ ግን ለተለያየ ጉዳይ። እቁብ አጥብቆ የሚይዝ ሥርዓት አለው፤ ዳኛና ጸሐፊ አለው፣ ሰው ዓይን ፊት መጣል አለ፣ ያዘገየ ይቀጣል። ለማሽን፣ ለጣውላ፣ ለሱቅ ዕቃ መግዣ ከዚህ የተሻለ አላውቅም። ነገር ግን የታመሙ ዕለት ዕጣው ለእርስዎ ላይወጣ ይችላል። የችግር ጊዜ ገንዘብ ባንክ ይቀመጥ።

የሚያሰጋኝ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ዕጣ የደረሰው ሰው ነው። ብዙ ገንዘብ በአንዴ ይይዝና ለቤት ዕቃ ያውለዋል፤ ቀሪውን ዓመት ዕዳ ሲከፍል ይኖራል። ዕጣው ከመድረሱ በፊት ገንዘቡ ምን እንደሚገዛ በወረቀት ተጽፎ ይቀመጥ።

ብድርን በተመለከተ፣ የቀድሞው የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም (አብቁተ) በ2014 ፀደይ ባንክ ሆኖ ቀጥሏል፤ የቤት ካርታ ለሌላቸው ሰዎችም በ2011 የወጣው የተንቀሳቃሽ ንብረት ዋስትና አዋጅ ማሽንና ዕቃን በመያዣነት ለማቅረብ በር ከፍቷል። ብድርን ለወረት እንጂ ለቀለብ አይውሰዱ።

ሥራዬና ቤቴ አንድ ግቢ ነው። መቼ ልዝጋ?

በከተሞቻችን አብዛኛው የግል ሥራ የሚሠራው በመኖሪያ ቤት አጥር ላይ በተከፈተ በር ነው። ከፊት መደብሩ፣ ከኋላ ጓዳው። ኪራይ ይቀንሳል፤ በዚያው ልክ የማታ በር ይንኳኳል። አንድ ሻማ፣ አንድ ሳሙና ለመሸጥ ከማዕድ ይነሣሉ፤ ልጅዎ የጀመረችልዎ ወሬ እዚያው ይቀራል።

እስቲ ቁጥሩን ያስሉት። ጠዋት አንድ ሰዓት ከፍቶ ማታ ሁለት ሰዓት የሚዘጋ ሰው በቀን 13 ሰዓት ይሠራል። ሰባቱንም ቀን ከሠራ በሳምንት 91 ሰዓት ነው። አዋጁ ለተቀጣሪ የፈቀደው መደበኛ የሥራ ጊዜ በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ነው። ለተቀጣሪው በሳምንት ያልተቋረጠ የ24 ሰዓት ዕረፍት፣ በመጀመሪያው ዓመት አገልግሎቱም 16 የሥራ ቀን ፈቃድ ይገባዋል። እርስዎ እንግዲህ አንዱን ሠራተኛዎን ወደ ሁለት ሰው የሚጠጋ ጉልበት ያለ አንድ ቀን ዕረፍት እያሠሩት ነው። ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ ይከስዎ ነበር።

ከመዝጋትዎ በፊት ግን ይመዝግቡ። ለሁለት ሳምንት ሽያጩን በሦስት ከፍለው ይጻፉ፦ የጠዋት፣ የቀን፣ የማታ። መልሱ ከቦታ ቦታ ይለያያል። ደብረ ብርሃን ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ከኅዳር እስከ ጥር ውርጩ ሲበረታ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ መንገዱ ላይ የሚገዛ ሰው ጥቂት ነው፣ ማታም ሰው ቶሎ ይሰበሰባል። በእነዚያ ወራት አንድ ሰዓት ዘግይቶ መክፈትና አንድ ሰዓት ቀድሞ መዝጋት ብዙ አያጎድልም። ሸዋ ሮቢት ላይ ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው፤ የቀትሩ ሙቀት ሰዉን ወደ ጥላ ያስገባዋል፣ ገበያው የሚሞቀው ቀዝቀዝ ሲል ነው። እዚያ ለሚሠራ ሰው ከቀኑ ስድስት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ዘግቶ፣ ምሳ በልቶ፣ ተኝቶ መነሣት ስንፍና አይደለም። ሚዛኑ በሁሉም ቦታ ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ አይገኝም።

የሰዓቱን ማስታወቂያ በሩ ላይ ይለጥፉ። ጎረቤት ለጥቂት ሳምንታት ያጉረመርማል፤ ከዚያ ሻማውን ቀን ይገዛል።

ለእጅ ባለሙያዎች የምጨምረው አለ። ልብስ ሰፊውንና አናጺውን ሌሊት የሚያሠራው የሥራ ብዛት ብቻ አይደለም፤ ያለ አቅም የተሰጠ ቀጠሮ ነው። «ቅዳሜ ይደርሳል» የሚለው ቃል ሳይታሰብ ከአፍ ይወጣል፣ ከዚያ ዓርብ ሌሊት አይተኛም፣ ቅዳሜም አይደርስም፣ ደንበኛው ይቆጣል። በሳምንት ስንት ሱሪ፣ ስንት በር እንደሚጨርሱ ያውቃሉ። ደብተር ላይ ሳምንቱ ከሞላ የሚቀጥለውን ሳምንት ይስጡ። ጨርቁ ሳይቆረጥ፣ ጣውላው ሳይገዛ ደግሞ ቀብድ ይቀበሉ። ቀብድ የከፈለ ደንበኛ ይጠብቃል፤ ያልከፈለው ግን የደከሙበትን ሥራ ትቶብዎት ሊጠፋ ይችላል።

ዘመድና ጎረቤት ሥራ ፈት የሆንኩ ይመስላቸዋል። ምን ልበላቸው?

ይህን የሚጠይቁኝ ሰዎች ድምፃቸው ዝቅ ይላል። የተቀጠረ ሰው «አለቃዬ ፈቃድ ከለከለኝ» ሲል ማንም አይቀየመውም። በራሱ የሚሠራ ሰው ግን ይህ መሸሸጊያ የለውም። ሐዘን ቤት ድንኳን የሚተክለው እሱ ነው፤ ከገጠር የመጣውን ታማሚ ሆስፒታል የሚያደርሰው፣ የአክስት ልጅን ጉዳይ ቀበሌ የሚያስጨርሰው እሱ ነው፤ «አንተ እንደሆንክ በራስህ ነህ» ይባላል። እናቶቻችን ደግሞ ልጃቸው ሱቁን ከከፈተ ከብዙ ዓመት በኋላም «ሥራ የምትይዘው መቼ ነው?» ይላሉ። በእነሱ ዘመን ሥራ ማለት የመንግሥት ወንበር ነበር። ይህን በክፋት አይዩባቸው።

ማኅበራዊ ኑሮን ቁረጡ የሚል ምክር አልሰጥም፤ እዚህ አገር እድር የሌለው ሰው ማን ይቀብረዋል? የሚለየው ነገር ሰዓቱ ነው። ቀብርና የቅርብ ሰው ሞት ቀጠሮ አይሰጡም፤ በሩን ዘግተው ይሂዱ። ለቅሶ መድረስና ማስተዛዘን ግን ከመዝጊያ ሰዓት በኋላ ይቻላል፤ እንዲያውም ቀን የመጣው ሁሉ ማታ ሲበተን ሐዘንተኛው ሰው የሚፈልግበት ሰዓት እሱ ነው። ለቀሩት ጉዳዮች በሳምንት አንድ ከሰዓት በኋላ ይመድቡና «ሐሙስ ከሰዓት ነኝ» ይበሉ። ሰው ቀን ሲነገረው ያከብራል። «ጊዜ የለኝም» ሲባል ነው የሚቀየመው።

ዱቤው ደግሞ ሌላ ሸክም ነው። ዘመድ በዱቤ ወስዶ ሲዘገይ ዕቃውም ዝምድናውም አብረው ይሄዳሉ፤ ዕዳ ያለበት ሰው በሩቅ ሲያይዎ መንገድ ይቀይራልና። እኔ የምመክረው ከላይ ካነሣሁት ደመወዝ ጋር የተያያዘ ነው። ወንድምዎን መርዳት ከፈለጉ ከራስዎ ደመወዝ ይስጡት፤ ከሱቁ ወረት አይሁን። ወረቱ የእርስዎ ብቻ አይደለም፤ የልጆችዎ ቀለብና የአከራይዎ ኪራይ በውስጡ አለ። ለሌላው ሰው የዱቤ ጣሪያ ይኑር፣ ተበዳሪው ራሱ ደብተሩ ላይ ይፈርም፣ የፊተኛው ሳይከፈል ሁለተኛው አይሰጥ። ገበሬ ደንበኛ ከሆነ የመክፈያው ቀን ከምርቱ ጋር ይስማማ፤ በነሐሴ «ክፈለኝ» ብሎ መጨቃጨቅ ለሁለታችሁም ድካም ነው።

በዓላቱ ብዙ ናቸው። ሁሉን ካከበርኩ መቼ ልሠራ?

ይህ በየሰው እምነት የሚወሰን ነው፤ እኔ የማንንም ስእለት አልነካም። የማየውን ብቻ ልናገር፦ እሑድን፣ ወይም ለሙስሊሙ የጁምዓን ሰዓት፣ ያለ ድርድር የሚያርፉ ሰዎች ሌላውን ሳምንት በተሻለ ጉልበት ይሠራሉ። ከወሩ በዓላት ሚካኤልን፣ ማርያምን ወይም የአጥቢያዎን ታቦት የሚያከብሩ ከሆነ ቀኑን በሥራ ደብተሩ ላይ አስቀድመው ይዝጉት፤ ያን ቀን ለደንበኛ ቀጠሮ አይስጡ። ቀጠሮ ተሰጥቶበት የተከበረ በዓል ዕረፍቱም ሥራውም ይበላሻል።

ሴት ነኝ፤ ልወልድ ነው። ሥራዬን ምን ላድርግ?

ተቀጣሪ ሴት ከመውለዷ በፊት 30፣ ከወለደች በኋላ 90 ቀን ደመወዝ የሚከፈልበት ፈቃድ አላት። ደብረ ሲና መንገድ ዳር ቆሎ የምትሸጥ፣ መሐል ሜዳ ላይ ሻይ ቤት ያላት፣ ዓለም ከተማ ላይ ፀጉር የምትሠራ ሴት ይህን የሚከፍላት የለም። አራስ ቤት በገባች በሁለተኛው ሳምንት ልጇን አዝላ በሯን የከፈተች ሴት አውቃለሁ፤ ሰዉ «ጀግና» አላት። እኔ ያየሁት ግን ድካም ነው።

እርግዝናውን ካወቁበት ወር ጀምሮ ከሥራው ሒሳብ ለአራስነት የሚሆን በየወሩ ይለዩ። ግቡ የአራት ወር ደመወዝዎን መሙላት ነው፤ ባይሞላ ሁለት ወርም ብዙ ነው። የክርስትናው ድግስ ከዚህ ገንዘብ እንዳይነካ ከባለቤትዎና ከቤተሰብ ጋር ቀድመው ይነጋገሩ፤ ብዙ ጊዜ የሚበላው እሱ ነውና። ስድስተኛው ወር ላይ ሲደርሱ የሚተካዎትን ሰው አጠገብዎ አስቀምጠው ያሠልጥኑ፤ የዕቃ አቅራቢዎቹን ስልክ፣ የዱቤ ደብተሩን፣ የዋጋውን ዝርዝር ያሳዩአት።

ከወሊድም ውጭ ይህን ልናገር፦ ባል ከሥራ ሲገባ ቀኑ ያበቃል፤ ሚስት ሱቋን ስትዘጋ ሌላ ሥራ ይከፈትባታል፤ ቡናው፣ እራቱ፣ ልጆቹ፣ ሊጡ። ስለ ሥራ ሚዛን ከባልና ሚስት ጋር ስነጋገር መጀመሪያ የማስቆጥረው የእሷን ሰዓት ነው። ተቆጥሮ ሲታይ ክርክሩ ያጥራል፤ ወንዶቹም ብዙዎቹ ደንግጠው አንዱን ሥራ ይወስዳሉ።

ብታመምስ?

ተቀጣሪ ሲታመም የመጀመሪያውን ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹን ሁለት ወራት ግማሽ ያገኛል። በራስዎ የሚሠሩ ከሆነ ሁለት ነገር ይያዙ። አንደኛው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ነው፤ የተቋቋመው ደመወዝተኛ ላልሆነው ሰው ነው፣ በቀበሌ በኩል በቤተሰብ ይመዘገባሉ፣ መዋጮው በዓመት ይከፈላል። የማደሻው ጊዜ እንዳያልፍዎ፤ ሕክምናው ከጤና ጣቢያ ጀምሮ በሪፈር ወደ ሆስፒታል ስለሚሄድ ሰዓት ካለፈ በኋላ የሚደረግ ሩጫ አይጠቅምም። ሁለተኛው ቢያንስ የሁለት ወር ደመወዝዎን የሚያህል፣ ከወረቱ የተለየ የባንክ ቁጠባ ነው።

የወገብና የዓይን ሕመም ያለባቸው ልብስ ሰፊዎች፣ ዓይናቸውን ያልሸፈኑ ብየዳ ሠራተኞች ብዙ ናቸው። መነጽሩና ጥሩ ወንበሩ የሥራ ዕቃ ነው፤ በመጀመሪያው ትርፍ ይገዙት።

መንገድ ሲዘጋ፣ ኔትወርክ ሲጠፋ ምን ይደረጋል?

በእነዚህ ዓመታት በዞናችን ይህን ያልቀመሰ ሰው የለም። ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ላይ ሆነን ዕቃ ለቀናት ሳይደርስ የቀረበት ጊዜ ነበር፤ ያፈሩትን ሁሉ አጥተው ተፈናቅለው ከባዶ የጀመሩም በመካከላችን አሉ። ለእነሱ ስለ ሚዛን መናገር ይከብደኛል፤ መጀመሪያ የሚያስፈልጋቸው ሰላም ነው።

በእጃችን ያለው ጥቂት ነው። ቶሎ የማይበላሽ ዕቃ ከወር ፍጆታ ትንሽ ተርፎ ይቀመጥ። የባንክም የቴሌብርም ገንዘብ ኔትወርክ ሲጠፋ ስለማይወጣ የሳምንት ቀለብ በጥሬ ብር ቤት ይኑር። የዱቤና የትእዛዝ መዝገብ ስልክ ላይ ብቻ አይሁን፤ ደብተር ይኑር። ሥራ በቆመባቸው ቀናት ደግሞ ከሽያጩ ጋር አብረው አይውደቁ፤ የደከመውን ማሽን ያጽዱ፣ ሒሳቡን ይዝጉ፣ ልጆቹን ያስጠኑ። ቀኑ ቅርጽ ሲኖረው ጭንቀቱ ይቀንሳል።

ብቻዬን ስሠራ ይጨንቀኛል። የተለመደ ነው?

አዎን፣ በተለይ በኮምፒውተር ለአዲስ አበባ ደንበኞች በሚሠሩት ላይ አየዋለሁ፤ ከጠዋት እስከ ማታ ድምፃቸውን ሳያሰሙ ይውላሉ። የቢሮ ሰው የሚናፍቀው ሥራውን ሳይሆን የአሥር ሰዓቱን ሻይ ነው። እሱን ይመልሱት፦ በቀን አንድ ጊዜ ከጎረቤት ባለሙያ ጋር ቡና ይጠጡ፣ በዚያው ሙያ ካሉት ጋር በወር አንዴ ይገናኙ። ተፎካካሪዎ የሚመስልዎ ልብስ ሰፊ የእርስዎን ድካም ከሚስትዎም በላይ የሚያውቅ ሰው ነው። ሀዘኑ ከሳምንታት በላይ ከቆየ፣ እንቅልፍና የምግብ ፍላጎት ከጠፋ ግን ሐኪም ዘንድ ይሂዱ።

ፈቃድና ግብር ራሴን ያዞረኛል። መቼ ምን ላድርግ?

የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋል። የንግድ ፈቃድ ያለ ቅጣት የሚታደሰው ከሐምሌ 1 እስከ ታኅሣሥ 30 ባለው ጊዜ ነው፤ የመጨረሻውን ሳምንት የሚጠብቁ ሰዎች ሰልፍ ላይ የሚያጠፉት ቀን የገና ገበያ ቀን መሆኑን አይዘንጉ። የፌዴራሉ የገቢ ግብር አዋጅ በ2017 ስለተሻሻለ የግብር ደረጃዎን ጎረቤት በነገረዎ ሳይሆን ራስዎ ገቢዎች ጽሕፈት ቤት ሄደው ጠይቀው ይያዙ።

ተቀጣሪ ሳሉ ግብሩ ሳያዩት ከደመወዝዎ ተቆርጦ ይሄድ ነበር። አሁን መጀመሪያ እጅዎ ላይ ይገባል፤ የእርስዎ ይመስላል፤ የእርስዎ አይደለም። በየሳምንቱ ከሽያጩ ትንሽ ለይተው ያስቀምጡ። ደረሰኝ የሌለው ወጪ ወጪ ተብሎ አይታይም፤ ስለዚህ ከጅምላ ሻጩ ደረሰኝ ሳይቀበሉ አይውጡ። ሒሳቡን በየሳምንቱ ዓርብ ማታ ግማሽ ሰዓት ቢይዙት ሰኔ እንደማንኛውም ወር ያልፋል። በሰኔ መጨረሻ ደረሰኝ በፌስታል ሞልተው ለሚያመጡልኝ ሰዎች ሳዝን እኖራለሁ፤ ያመጡልኝ ወረቀት ሳይሆን የዓመቱን ጭንቀት ነው።

ወደ ቅጥር ብመለስ ያሳፍራል?

አያሳፍርም። ልጅ ሲታመም፣ ገበያው ሲለወጥ፣ ወይም ሰው በቋሚ ደመወዝ የተሻለ የሚኖር መሆኑን ሲያውቅ መመለስ ተገቢ ውሳኔ ነው። ሥራውን ትርፍ ሰዓት ላይ ይዘው የቀጠሉም አሉ።

ብቻ በሩን ቆልፈው አይሂዱ። ፈቃዱን ለንግድ ጽሕፈት ቤቱ ይመልሱ፣ ሥራ ማቆምዎን ለገቢዎች በጽሑፍ ያሳውቁ፣ ያለብዎትን ከፍለው የዕዳ ነጻ ማረጋገጫ ይውሰዱ። ይህ ካልተደረገ ሱቁ ባዶ ቢሆንም በመዝገቡ ላይ ክፍት ነውና ግብሩና ቅጣቱ መቁጠር ይቀጥላል። ፈቃዱን ሲመልሱ የተሰጠዎትን ደብዳቤ ቅጂ ከሥራ ልምድ ማስረጃዎ ጋር በአንድ ፖስታ ያስቀምጡ፤ እንደገና ለመክፈት ሲፈልጉ መጀመሪያ የሚጠየቁት እሱን ነው።